የማርያም ቀን ውሃ

በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ዛሬ አይከፈትም። በወጣትነቴ በቀለም የነደፍኋቸው ካርታዎች ፍኖተ ሰላም ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልለው አሉ፤ አይጥ ጥጋቸውን ከመቅመሱ በቀር ደህና ናቸው። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የሠራሁት፣ ከክልል ድረስ ሰው እየመጣ ያየው የነበረው ግን ድራሹ የለም። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የእህቴ ልጅ «እስቲ ሥራሽን አሳይኝ» ብላኝ አድራሻውን ስልኳ ላይ ብጽፍላት ባዶ ነጭ ገጽ መጣ። «ታዲያ የሠራሽው ምኑን ነው?» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ የመሰላትን ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ።

ከድሮም ደንጋጣ ነኝ። በር ሲንኳኳ ብርጭቆ ከእጄ ይወድቃል፤ ስልክ ሲጮኽ ደረቴን እይዛለሁ። ቢሮ ውስጥ «ስመኝ ክው» ብለው ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ አንዳንዱማ ሆን ብሎ ከኋላዬ መጥቶ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሌላው ሰው የሥራ ዘመኑን በዕድገትና በዝውውር ይቆጥራል፤ እኔ የማስታውሰው በድንጋጤዎቼ ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ደግሞ ከአንድ ቦይ ውሃ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሥራ የጀመርሁት ቡሬ ነው፣ በካርታ ነዳፊነት። ቀያሾች ከገጠር የሚያመጡትን ልኬት ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እስላለሁ። መስመር ከተሳሳተ በምላጭ ቀስ አድርጎ መፋቅ ነው፤ ምላጩ ትንሽ ከጠለቀ ወረቀቱ ይበሳና ስንት ቀን የተለፋበት ሥራ ገደል ይገባል። የዚያን ጊዜው አለቃዬ የሠራነውን ሁሉ መስኮት ጋ ወስደው በፀሐይ ያዩት ነበር። የተፋቀ ቦታ ካገኙ ዝም ብለው ጣታቸውን ያሳርፉበትና ይመልሱልናል። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተው አያውቁም፤ ያችን ጣት ግን ዛሬም እፈራታለሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም።

ወደ ፍኖተ ሰላም የተዛወርሁት የመስኖ ፕሮጀክት ቢሮ ሲከፈት ነው። እዚያ ነው አቶ ብርሌውን ያገኘሁት። የፈረስ ቤት ከተማ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ተምረው፣ እዚያው ጥሩ ሥራ ይዘው ሲኖሩ፣ እናታቸውን ለማስታመም መጥተው በዚያው ቀሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገሩ ጆሮ ካልሰጧቸው የማይሰሙ። ቢሮው በፕሮግራም ባለሙያነት ቀጠራቸው፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ከካርታ ጠረጴዛዬ አንሥተው ረዳታቸው አደረጉኝ። «መስመር የምታከብር ሴት ናት» ብለው ነው አሉ ያስመደቡኝ።

መጀመሪያ ያስደነገጡኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ወደ ኮምፒውተራቸው ጠሩኝና እኔው ቡሬ ሳለሁ የነደፍሁትን ወንዝ ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ። ከዚያ የማውሱን ጎማ አሽከረከሩት። ወንዙ ቀረበ። እንደገና አሽከረከሩት፤ እንደገና ቀረበ፤ መስመሩ ግን እንደ መጀመሪያው ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ካርታን በፎቶ ኮፒ ስናሳድግ መስመሩ እንደሚወፍርና ጠርዙ እንደሚበላ የማውቅ ሰው ነኝ። «ማነው በየጊዜው የሚስለው?» ብዬ ጮህሁ። ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አቶ ብርሌው ሳቁና ወንበር ሳቡልኝ፤ ትምህርቴ በዚያ ተጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት የምንከፍትበት ብሮውዘር በዚያ ዘመን ጽሑፍና ፎቶ ከማሳየት ብዙም አያልፍም ነበር። የሚንቀሳቀስ፣ በማውስ የሚጎተት፣ ሲነኩት መልስ የሚሰጥ ነገር የሚፈልግ ሰው ብሮውዘሩ ላይ ፕለግኢን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ይጭናል። የእኛ ሥራ የሚኖረው በዚያ ፕለግኢን ውስጥ ነው። ገጹ መካከል አራት ማዕዘን ቦታ ይሰጠናል፤ በዚያ ቦታ ውስጥ የፈለግነውን ዓለም እንሠራለን። የስክሪኑን መልክ በአንድ ፋይል እንጽፋለን፣ ጠባዩን በሌላ፤ ሁለቱ ተጠቅልለው አንድ ጥቅል ይሆናሉ፤ ብሮውዘሩ ጥቅሉን አውርዶ ለፕለግኢኑ ያስረክባል። እኔ የወደድሁት ከጀርባ ያለውን መረጃ ከሚታየው ሥዕል ጋር ማሰር መቻሉን ነው። አንዴ ካሰርነው፣ መረጃው ሲለወጥ ቀለሙም በራሱ ይለወጣል። ምላጭ የለም፣ መፋቅ የለም።

አቶ ብርሌው ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሠርተን ጨርሰናል ስንላቸው የቢሮውን አሮጌ ኮምፒውተር ፈልገው ይከፍቱና፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የኔትወርኩን ገመድ ይነቅሉታል። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው የሚሆነውን ያያሉ። እኔ በተነቀለ ቁጥር እንደ አዲስ እደነግጥ ነበር። ሁለተኛው ልማዳቸው ጥያቄ ነው። ማንኛውም ሥራ ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት «ይሄ ነገር ቢበላሽ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ማነው?» ይላሉ። ስም ካልጠራንላቸው አይለቁትም። «ተጠቃሚው» ማለት አይሠራም፤ ሰው ነው የሚፈልጉት፣ ስም ያለው።

የውሃው ሥራ የመጣው በማንኩሳና በቡሬ መካከል ካለ አንድ ቀበሌ ነው፤ ስሙን አልጠራውም። ከወንዝ የተጠለፈ አንድ ቦይ አለ፤ በጋውን ሽንኩርትና ድንች የሚለማው በእሱ ነው። ገበሬው በተራ ያጠጣል። ተራውን የሚያዘው የውሃ አባት የሚባል፣ ራሳቸው ገበሬዎቹ የሚመርጡት ሽማግሌ ነው። እኛ ከመድረሳችን በፊት በነበረው በጋ ሁለት ጎረቤታሞች በተራ ተጣልተው አንዱ የሌላውን ክንድ በአካፋ ሰብሮት ነበር። ወረዳው ተቆጣ። ከእንግዲህ ተራው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሚቀመጥ ስክሪን ላይ ለሁሉ ይታይ፤ ስክሪኑ ዝግ ሲል የቦዩን መዝጊያ የከፈተ ሰው ይቀጣል ብሎ ወሰነ። ስክሪኑን እንድንሠራ የታዘዝነው እኛ ነን።

የዚያን ጊዜው የውሃ አባት አያ ዳምጤ ነበሩ። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ንግግራቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ። ከቦዩ ራስ እስከ ጭራው አብረውን ሄደው ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያጠጣ፣ የትኛው ማሳ ውሃ ቶሎ እንደሚጠጣ፣ የትኛው እንደሚንቀራፈፍ አንድ በአንድ ነገሩን። እሑድ ውሃው ለከብቶች መጠጫ ገንዳ እንደሚለቀቅ ሳይቀር ነገሩን። በመጨረሻ እኔ ጠየቅኋቸው። «አያ፣ በበዓል ቀን ሥራ ትሠራላችሁ?»

«አንሠራም» አሉ።

እኔም በልጅነቴ በሚካኤልና በማርያም ቀን መሬት የሚነካ ሰው አይቼ ስለማላውቅ መልሱ አልገረመኝም። በዓላቱን ዝግ ብዬ ጻፍሁ። አቶ ብርሌውም እንደኔ በደብር ጥላ ሥር ያደጉ ናቸው፤ ለእሳቸውም አልታያቸውም።

ስክሪኑ ሲያልቅ ውብ ነበር፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ቦዩ በሰማያዊ መስመር፣ ማሳዎቹ በግራና በቀኝ። የባለተራው ማሳ አረንጓዴ ይሆናል፤ ውሃው ከጠለፋው ተነሥቶ በመስመሩ ላይ እየተንቀሳቀሰ እስከ ማሳው ሲሄድ ይታያል። ዝግ ቀን ሲሆን መዝጊያው ቀይ ይሆናል። የግዕዝ ፊደላችን ቀበሌው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ እየሆነ አስቸግሮን፣ ፊደሉን በጥቅሉ ውስጥ አስገባነው፤ ያኔ ጥቅሉ ከበደና በቀበሌው ሞደም አልወርድ አለ። አቶ ብርሌው ተቀምጠው ስክሪኑ ላይ የማንጠቀምባቸውን ፊደላት አንድ በአንድ እያወጡ ጥቅሉን አቀለሉት። ገመዱንም ነቀሉ፤ ስክሪኑ መረጃውን ኮምፒውተሩ ላይ ስላስቀመጠ መሥራቱን ቀጠለ። ጥያቄያቸውንም ጠየቁ። እኔ የቀበሌዋን ጸሐፊ ጠራሁ፣ አያ ዳምጤን ጠራሁ፣ በቦዩ ጭራ ላይ ያለውን ገበሬ ጠራሁ። በቂ ነው አሉ።

የተመረቀ ዕለት ገበሬው ቀበሌ ተሰብስቦ ውሃው በስክሪኑ ላይ ሲሄድ አየ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጥተው የራሳቸውን ማሳ በጣታቸው ነኩ። ያ በጋ ያለ ጠብ ያልፋል ብለን ተመለስን። የውሎ አበላችን ቅጽ ገና አልጸደቀም ነበር፤ እኛ ግን ደስታችን ደስታ ነበር።

መጋቢት ላይ አንዲት ሴት ቢሮአችን መጡ። ጠና ያሉ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው ያሰሩ። እዚያው ቀበሌ ካሉት ጥቂት ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ ስማቸው ወይዘሮ ዘሃራ ይባላል። የቡሬ ነጋዴ ልጅ ሆነው ለእርሻ ሰው ተድረው፣ ባላቸው ሲሞት ማሳውን ራሳቸው ያዙት። «የማሽኑ ሰዎች እናንተ ናችሁ?» አሉ። እኛ ነን አልን። በኩታ የጠቀለሉትን ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ሽንኩርት ነው፤ ራሱ የአውራ ጣት አይሞላም፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል።

«ማሽናችሁ እኔን አያውቀኝም ወይ?» አሉ።

አልገባንም። ውሃ ሰጥተን እንዲቀመጡ ብንለምናቸው አስረዱን። የባላቸው አባት በዘመናቸው የዓርብ ተራቸውን ለጎረቤት ሰጥተው በምትኩ የበዓላቱን ውሃ ወስደዋል። ዓርብ እነሱ መስጊድ ናቸው፤ በሚካኤልና በማርያም፣ በጊዮርጊስና በበዓለ ወልድ ደግሞ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለሁሉም የሚመች ነገር ነበር። የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው የሚናገረውም የለም። እነሆ አሁን በዓል በሆነ ቁጥር ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፤ ወይዘሮ ዘሃራ ቅጣቱን ፈርተው መዝጊያውን አይነኩም፤ ሌላ ተራ ደግሞ የላቸውም። ስክሪኑ ከተተከለ ጀምሮ ማሳቸው ውሃ አልቀመሰም።

እኔ ነኝ ጥያቄውን የጠየቅሁት፤ እኔ ነኝ ዝግ ብዬ የጻፍሁት። ለከብቶቹ ገንዳ አስበናል፤ ለእኚህ ሴት ግን ማናችንም አላሰብንም። አቶ ብርሌውን አየኋቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሎ አንዱን ሽንኩርት በእጃቸው ያገላብጣሉ።

በበነጋው ማርያም ነበረች። በቢሮው መኪና በጠዋት ሄድን። ያየሁትን እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል። መዝጊያው ተዘግቷል፤ ቦዩ ሞልቶ በጎን እየፈሰሰ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል። ከሚፈስበት ቦታ አጠገብ የወይዘሮ ዘሃራ መደቦች ተሰነጣጥቀዋል። ነጭ የለበሰ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ በመካከሉ ያልፋል፤ ሰላምታ ይሰጠናል፤ ውሃውንም ማሳውንም ያያል፤ ማንም ምንም አይልም። አቶ ብርሌው በዚያ በደህና ልብሳቸው ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምሁ።

አያ ዳምጤ ኩታቸውን እንዳጣፉ መጡ። አቶ ብርሌው በዝግታ፣ በትልቅ አክብሮት፣ ለምን እንዳልነገሩን ጠየቋቸው።

«ሥራ ትሠራላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ» አሉ ወደኔ በአገጫቸው እያመለከቱ። «አንሠራም አልኋት። ዋሸሁ?»

አልዋሹም። ቀጥለው የተናገሩት ነው የባሰው። ከዓመታት ጀምሮ የበዓሉን ውሃ ለአንዲት ሴት ያደላል እየተባሉ ሲታሙ ኖረዋል፤ ዋነኛው ሐሜተኛ ደግሞ ፈንታሁን የሚባለው ጎረቤቷ ነው። ያን የዓርብ ተራ ከአባቱ የወረሰው እሱ ነው። ዓርብን ይዞ፣ የበዓሉም ውሃ ለሁሉ ይከፋፈል ይላል። «ማሽኑ ዘጋው ስል ሐሜቱ ጸጥ አለ» አሉ አያ ዳምጤ። «እኔም ዐረፍሁ። እሷ ግን እንዲህ ትሆናለች ብዬ አላሰብሁም፤ በእመብርሃን አላሰብሁም።» ይህን ሲሉ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ልቆጣቸው ፈልጌ አልሆነልኝም። ሰው መሸሸጊያ ሲሰጡት ይሸሸጋል፤ መሸሸጊያውን ሠርተን የሰጠነው እኛ ነን።

የዚያኑ ዕለት መዝጊያው በወረዳው ፈቃድ ተከፈተላቸው። ሽንኩርቱ ግን አልተመለሰም። ወይዘሮ ዘሃራ ለዚያ ዓመት ያሰቡትን የልጃቸውን ሠርግ ሳይደግሱ ቀሩ፤ አማቾቹም ተቀይመው ልጅቷን ለሌላ ዳሩ። ይህን በኋላ ስሰማ እህል አልወርድ አለኝ።

ማስተካከሉ የቃል ያህል ቀላል አልነበረም። በዓልን የጻፍሁት በፕሮግራሙ ጠባይ ውስጥ ነበር እንጂ እንደ ሌላው ተራ በመረጃ ላይ አልነበረም። የመዝጊያው ቀለም የታሰረው ከደንቡ ጋር ስለሆነ፣ ስም ልጨምር ስል ቀዩ እየተመለሰ መጣ። አቶ ብርሌው ሁሉንም አስፈቱኝ። በዓል እንደማንኛውም ቀን የራሱ ባለቤት ያለው ቀን ሆነ፤ ስክሪኑም በእነዚያ ቀናት «ዘሃራ» ብሎ አረንጓዴ ይበራል። ከዚያ ወዲያ ጥያቄያቸውን ሲጠይቁ አንድ ነገር ጨመሩበት። ስም ከጠራን በኋላ «ያልጠራነው ማነው?» ይላሉ።

አዲሱን ስክሪን ይዘን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንቀርብ ፈንታሁን ተነሣ። ያኔ ጎልማሳ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ንግግሩ የተዋጣለት። የበዓል ውሃ የእግዜር ነው፣ የአንድ ሰው ስም ሊጻፍበት አይገባም አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። የወይዘሮ ዘሃራን ፊት አየሁት፤ ሴቶቹ መካከል ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ብርሌው በዚያች ትንሽ ድምፃቸው «እንግዲያስ ዓርብን መልስላቸዋ» አሉት። ፈንታሁን ትንሽ ቆሞ ተቀመጠ። ስክሪኑ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። ለሰከላ ሠራን፣ ለደጋ ዳሞት ሠራን፣ ከግሽ ዓባይ ሥር ላሉ ምንጮች ሠራን። አለቆች መጡ ሄዱ። አያ ዳምጤ ዐረፉ። አቶ ብርሌው ጡረታ ወጥተው ፈረስ ቤት ተመለሱና ብዙም ሳይቆዩ እሳቸውም ዐረፉ። የውሃ አባት ምርጫ ሲደረግ ማን ቢመረጥ ጥሩ ነው? ፈንታሁን። ወሬውን ስሰማ የያዝሁትን ስልክ ጣልሁት። የወይዘሮ ዘሃራ መብት ከዚያ በኋላ አንድ ምስክር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም እኔ ያበራሁት አረንጓዴ ማሳ ነው ብዬ አሰብሁ። ስክሪኑ እስካለ ድረስ ግን ማንም አይነካቸውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ስክሪኑ እስካለ ድረስ። ፕለግኢኑ እንደሚቀር ቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ብሮውዘሮቹ ያለ እሱ መሳልም ማንቀሳቀስም ችለዋል፣ ለደኅንነትም አይመችም ተባለ። ሥራውን በአዲሱ መንገድ እንደገና እንጻፈው ብዬ ለአለቃዬ አመለከትሁ። ወጣት ሰው ነው፤ ሁሉም ነገር ወደ ሞባይል ይሄዳል አለኝ፣ ጠብቂ አለኝ። ጠበቅሁ። አንድ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የቦዩን ገጽ ስከፍት አራት ማዕዘኑ ግራጫ ሆኖ መካከሉ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ተቀምጣለች። ደጋግሜ ከፈትሁት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞከርሁ። ቦዩ የለም፣ ማሳዎቹ የሉም፣ ውሃው የለም። ፕለግኢኑ የተቆረጠለት ቀን ሲደርስ በየትም ቦታ ያለውን ሥራችንን አልከፍትም ብሏል። የሚነቀል ገመድ እንኳ አልነበረም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ማነው መጀመሪያ የሚያለቅሰው ለሚለው ጥያቄ ያን ቀን መልሱ እኔ ነበርሁ። ከዚያ ቀጥሎ ማን እንደሚያለቅስ ግን አውቀዋለሁ።

የቀበሌው ስልክ አልነሣ አለኝ። ቢሮው አዲስ ሥራ አይፈቅድም፤ ጡረታዬም ደርሷል። በእጄ የቀረው የድሮው ሙያዬ ብቻ ነው። ከቁም ሣጥኑ ብርሃን የሚያሳልፈውን ወረቀትና ብዕሮቼን አወጣሁና ቦዩን ከነተራው ነደፍሁት፤ ስንት ቦታ ፋቅሁ። በበዓላቱ መስመር ላይ ዘሃራ ብዬ አጉልቼ ጻፍሁ። ጠቅልዬው በማርያም ዋዜማ ወደ ቀበሌው ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ የማስበው ፈንታሁን ወረቀቱን ሲቀደው ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ስገባ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ በርቷል። ቦዩ አለ። ውሃው በሰማያዊው መስመር ላይ ይሄዳል።

ግድግዳውን ያዝሁ። ልጅቷ ደንግጣ ውሃ ላምጣልሽ አለችኝ። እንዴት እንደተከፈተ ስጠይቃት ጣቷን ወደ ስክሪኑ ጥግ ዘረጋች፤ የኮምፒውተሩ ቀን ዕለታቱ ከዘንድሮ ጋር ከሚገጥሙበት ካለፈ ዓመት ነው። ፕለግኢኑ የሚዘጋው ቀኑን አይቶ ስለሆነ ቀኑን ወደ ኋላ ሲመልሱት አላወቀም። ዓመቱ ቢመለስም የማርያም ቀን ያው የማርያም ቀን ናት። ይሄንን ዘዴ እኔ፣ ስንት ዓመት የለፋሁበት ሰው፣ አላሰብሁትም። ማን እንዳሳያት ጠየቅኋት። ቡሬ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው አለች።

«ማን አመጣው?»

«ፈንታሁን ነዋ። በቅሎውን ልኮ ነው ያስመጣው።»

ፈንታሁን በስክሪኑ ውስጥ እጁን ካስገባ ወይዘሮ ዘሃራን አጥፍቷቸዋል ብዬ ማውሱን ከልጅቷ እጅ ነጠቅሁ። የነገውን ቀን ነካሁ። ማሳው አረንጓዴ ሆኖ በራ፤ ስማቸውም እንዳለ አለ። የነደፍሁትን ካርታ ለጸሐፊዋ ትቼ ወጣሁ፤ ያን ሌሊት በእንግድነት በተቀበሉኝ ቤት አልጋ ላይ ስገላበጥ አደርሁ፣ ምክንያቱም ምንም አልገባኝም።

ጠዋት ቅዳሴ ሲያልቅ ወደ ቦዩ ወረድሁ። ወይዘሮ ዘሃራ አርጅተዋል፤ ከዘራቸውን ይዘው መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። መዝጊያው ጋ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ሱሪውን ሰብስቦ የቆመው ፈንታሁን ነው። ጎንበስ ብሎ መዝጊያውን ሲያነሣው አየሁት፤ በማርያም ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ። ውሃው እየተግተለተለ ገባ።

ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ። «በበዓል ሥራ ትሠራላችሁ እንዴ?»

ፈንታሁን ቀና ብሎ አየኝና አወቀኝ። «አንሠራም» አለ። «የሰው ውሃ ለባለቤቱ መስጠት ሥራ ነው ወይ? እሳቸው ማንሣት ከበዳቸው። ቄሱንም ጠይቄአለሁ።»

ስክሪኑን ለምን እንዳስጠገነው ጠየቅሁት። እጁን በነጠላው ጠረገ። «ያ ቢጠፋ ፈንታሁን ቀማት ነው የሚባለው» አለ። «ድሮ በስብሰባ ላይ ያልሁትን ማን ይረሳዋል፣ እታለም? አንቺስ ረስተሽዋል?»

አልረሳሁም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብሁትም እሱኑ ነበርና አፈርሁ።

ወይዘሮ ዘሃራ አጠገባቸው እንድቀመጥ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥሁ። ውሃው የመጀመሪያውን መደብ አልፎ ወደ ሁለተኛው ሲዞር አየን። «ማሽኑ ሞተ ብለው ሲያወሩ ሰምቼ» አሉኝ «እንደዚያኛው ዓመት ልሆን ነው ብዬ ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ማታውን ይሄ ሰው ደጄ ድረስ መጣ። ማሽኑ ቢሞት እኔ አልሞትሁም አለኝ።»

ቀና ብዬ ፈንታሁንን አየሁት። ጎንበስ ብሎ በእጁ ጭቃ እያነሣ የቦዩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ አልሰማንም። ውሃው የመጨረሻውን መደብ እስኪያረካ እዚያው ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ መኪና ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።